«ስቶን ብሪጅ» ውስጥ «ስቶን» ቅጽል ነው ወይስ ስም? ከአዳማ የተከፈተው ክር እስከ 35ኛው ምላሽ

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። ክሩን፣ ማለትም ይህን ተከታታይ ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሾቹ 35 ስለደረሱና ዘግይቶ የሚገባ ሁሉ የተመለሰውን መልሶ ስለሚጠይቅ፣ የተባለውን በራሴ አነጋገር በተራ ቁጥሩ ላስቀምጠው። የማልስማማበት ቦታ ላይ አልስማማም እላለሁ፤ ነገሩ ከልቤ ስለሆነ ዝም ብዬ መዝጋቢ መሆን አልችልም።

የመክፈቻው ጥያቄ

ፍራንኮ አካባቢ ቤቴ ውስጥ ማታ ማታ ልጆች አስጠናለሁ። አንዷ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ 7ኛ ክፍል። ባለፈው ሳምንት የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ በመዳፏ ጨብጣ መጣች። ጥያቄው ቅጽሎቹን ከሥራቸው አስምሩ ይላል፤ ዓረፍተ ነገሩ «ዘ ታየርድ ድራይቨር ፓርክድ ዘ ስኩል ባስ ኒር ዘ ስቶን ብሪጅ» ነው። የደከመው ሹፌር የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ከድንጋዩ ድልድይ አጠገብ አቆመ እንደ ማለት። ልጅቷ «ታየርድ»ን፣ «ስኩል»ን እና «ስቶን»ን አሰመረች። በመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጓል። ለምን እንደሆነ አጠገቡ የተጻፈ ነገር የለም።

ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ፤ ቅጽል ማለት ስምን የሚገልጽ ቃል ነው ተብሎ ከጥቁር ሰሌዳ ተገልብጧል። ታዲያ «ስኩል» የትኛው አውቶቡስ እንደሆነ አልገለጸም? «ስቶን» ድልድዩ ከምን እንደተሠራ አልገለጸም? መልስ አጣሁላት። ኤክሱ ልክ እንደሆነ ይሰማኛል፤ ግን ለአንዲት የ13 ዓመት ልጅ በምን አፍ ላስረዳት? በእንግሊዝኛ ቅጽልን ከስምና ከግሥ የምትለዩበትን መንገድ አካፍሉኝ ብዬ ለጠፍኩ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቀስኩም፣ አሁንም አልጠቅስም።

ምላሽ 1

ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። እህቴ ብለው ጀመሩና እርማቱ ትክክል ነው አሉ። ልጅቷ ከቃሉ በፊት «ቬሪ» ታስገባና ትሞክረው፤ «ቬሪ ታየርድ ድራይቨር» ያስኬዳል፣ «ቬሪ ስኩል ባስ» እና «ቬሪ ስቶን ብሪጅ» ግን አያስኬዱም። በአማርኛም በጣም የደከመው ሹፌር እንላለን እንጂ በጣም የድንጋይ ድልድይ አንልም። «ቬሪ»ን መሸከም ያቃተው ቃል ስም ሳይሆን አይቀርም ብለው፣ መጠየቅ ስለማትፈራ ልጅቷን መርቀው ወጡ።

ምላሽ 2 እና 3

ሁለተኛው አንድ መስመር ነው፤ ለሁለት ማርክ ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን የሚል። ሦስተኛው የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ወዲያው ገባበት። ልጅ በተማረችው ትርጉም መሠረት መልሳ ከተቀጣች፣ ጉዳዩ የማርክ አይደለም አለ። መምህሩ ወይ ማርኩን ይመልስላት፣ ወይ ያንን ትርጉም ከደብተሯ ያሰርዛት፤ ሁለቱንም አዝሎ መሄድ ግፍ ነው ሲል ቆጣ አለ። ቁጣው ይበዛል፤ ሐሳቡ ላይ ግን አብሬው ነኝ። ስምን የሚገልጽ ቃል የሚለው ትርጉም ለ«ቢግ» እና ለ«ሬድ» ይሠራል፣ ለ«ስቶን» ሲደርስ ልጁን አሳስቶ ይጥላል።

ምላሽ 4

የነፋስ ማመንጫዎቹ ከመስኮቷ የሚታዩዋት ሴት ናት። ፈተናው ከውጭ አገር ምሳሌ ከሚያመጣ ከዚሁ ከከተማችን ቢነሳ ይሻል ነበር አለች። ጉብታው ላይ የቆሙት በእንግሊዝኛ «ዊንድ ፋርም» ይባላሉ፤ አዳማ ራሷ ደግሞ «ዊንዲ ታውን» ናት። «ዊንድ» ነፋስ ነው፣ ስም፤ «ዊንዲ» ነፋሻማ ነው፣ ቅጽል። ከተማዋን «ቬሪ ዊንዲ» ማለት ይቻላል፣ ከሌላ ከተማ አወዳድሮ «ዊንዲየር» ማለት ይቻላል፣ «ኢት ሲምስ ዊንዲ» (ነፋሻማ ትመስላለች) ማለትም ይቻላል። «ዊንድ»ን ግን ከሦስቱ አንዱም አይቀበለውም። የወንጂውን «ሹገር ፋክተሪ» ጨመረችበት፤ «ሹገሪ ፋክተሪ» ብንል ግድግዳው በስኳር የተለሰነ ፋብሪካ ሊመስል ነው። ለልጅቷ በማግስቱ ያነበብኩላት ይህንን ነው። «ዊንዲ» ስትል ፊቷ ላይ የበራውን ነገር ብታዩት!

ምላሽ 5 እና 6

አምስተኛው ሰው አራሚ ነው፤ በጨዋ ደንብ። የ«ቬሪ» ፈተና በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሠራል አለ። የተሸከመው ቅጽል ነው፤ ያልተሸከመው ሁሉ ግን ስም አይደለም። «ፎርመር ቲቸር» ማለት የቀድሞ መምህር ነው፤ «ቬሪ ፎርመር» አይባልም፣ «ሂ ሲምስ ፎርመር»ም አይባልም፤ ሆኖም «ፎርመር» ቅጽል ነው። «ሜይን ሮድ» ላይ ያለው «ሜይን»ም እንዲሁ። ስለዚህ ከወዲያኛው በኩል ደግሞ መፈተን ያስፈልጋል፤ ቃሉ ለብቻው ወጥቶ የስምን ነገር መያዝ ይችላል? «ቱ ስኩልስ»፣ «ቱ ስቶንስ» ይባላል፤ በዚህ ትርጉሙ «ቱ ፎርመርስ» አይባልም። በስድስተኛው ጡረተኛው መምህር ተመልሰው መጥተው እርማቱን ተቀበሉ፤ ለዓመታት በ«ቬሪ» ብቻ ሲያስተምሩ እንደኖሩ አልደበቁም። እንዲህ ያለ ሰው በክሩ ውስጥ ሲገኝ ደስ ይላል።

ምላሽ 7

ይህን ምላሽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ፖስታ ቤት ጋ ተራ እየጠበቀ ከስልኩ የጻፈ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ትምህርቱን ከ10ኛ ክፍል እንዳቆመ ነግሮናል። ያን ዕለት ጠዋት ቤት ለሚያሠራ ደንበኛው ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ከኋላ ወንበር ላይ ጭኖ አድርሷል። ሲሚንቶ መጫን የአይሱዙ ሥራ ነው። ባጃጁ ያን ጠዋት የአይሱዙ ሥራ ሠራ፤ ሊብሬው ላይ ግን አሁንም ባጃጅ ነው፣ ትራፊክ ቢያስቆመው አይሱዙ ነው ብሎ አይመዘግበውም። «ስቶን»ም እዚያ ድልድይ ላይ የቅጽል ጭነት ተሸከመ እንጂ ሊብሬው ስም ነው ሲል አስረዳ።

ሥራውና ሊብሬው! የደብተሩ ትርጉም የሚነግረን ሥራውን ነው፣ ፈተናው የጠየቀው ሊብሬውን ነው። ልጅቷ ላይ የደረሰው በደል ሁሉ በዚህ መካከል ያለ ነው። ከዚህ በኋላ በክሩ ውስጥ ሊብሬ የሚለው ቃል ከሰዋስው ቃላት እንደ አንዱ ሆኖ ቀረ።

ምላሽ 8 እስከ 10

ክሩ ከመንገድ ወጣ። ስምንተኛው የሲሚንቶ ዋጋ ጠየቀ። ዘጠነኛው ባጃጅ ላይ ሲሚንቶ መጫን ጎማውን ይጎዳል አለ። አሥረኛው ወደ ነፋሱ መልሶን የመጀመሪያው ዙር 34 ተርባይን ከ51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው ዙር 102 ተርባይን ከ153 ሜጋ ዋት ጋር እንደሆነ ጻፈ። ስሌቱን ስታዩት እያንዳንዱ ተርባይን አንድ ሜጋ ዋት ተኩል ነው። ከሰዋስው ጋር ባይገናኝም ለልጆቹ የማባዛት ጥያቄ አድርጌዋለሁ።

ምላሽ 11 እና 12

ጸሐፊው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ራሱ ያገኘውን ዘዴ ይዞ መጣ፤ የእንግሊዝኛውን ሐረግ ወደ አማርኛ መልሱና «የ»ን ፈልጉ የሚል። «ቢግ ብሪጅ» ትልቅ ድልድይ ነው፣ «የ» የለም፤ ንጹሕ ቅጽል። «ስቶን ብሪጅ» የድንጋይ ድልድይ ነው፣ «የ» ከስም ጋር፤ ስለዚህ ስም። «ብሮክን ብሪጅ» የተሰበረ ድልድይ ነው፣ «የ» ከግሥ ጋር፤ ከግሥ የመጣ ቃል። ሦስት ቤት፣ ሦስት በር።

እውነቱን ለመናገር ውበቱ ማረከኝ። አማርኛችን የቃሉን ዘር እላዩ ላይ ለጥፎ ያሳየናል፤ እንግሊዝኛ ግን ሦስቱንም ያለ ምንም ምልክት ከስሙ ፊት ያሰልፋቸዋል። አሥራ ሁለተኛዋ ሴት ልጇን ዛሬውኑ በዚህ እንደምታስጠና ጽፋ ተማሪውን አመሰገነችው።

ምላሽ 13 እስከ 16

ከዚያ የትርጉም ሥራ የምትሠራ ሴት መጣች። ድምጿ የተሳለ ነበር፤ ልጆችን እንዲህ ባለ አቋራጭ አታበላሹ ብላ ጀመረች። የራበው ልጅ በአማርኛ «የ» ከግሥ ጋር ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን «ሀንግሪ ቦይ» ነው፣ «ሀንግሪ» ደግሞ ጥርት ያለ ቅጽል። የእንጨት በር «ውድን ዶር» ይሆናል፤ «ውድ» ስም ቢሆንም «ውድን» ቅጽል ነው። የሕክምና ትምህርት ላይ «ሜዲካል» ቅጽል ነው። የወርቅ ስንል ደግሞ አንዴ «ጎልድ ሪንግ» ነው፣ አንዴ «ጎልደን» የሚባል ፀጉር ነው፤ የአማርኛው «የ» ሁለቱን አይለይም። አራት ምሳሌ፣ አራት ሽንቁር።

ተማሪው በ14ኛው ዘዴው ለጀማሪ እንጂ ለሁሉም አልተባለም ብሎ ተከላከለ፤ ትክክለኛ መከላከያ ነው። በ15ኛው ግን ሴትየዋ ገና ያልበሰለ ሰው መድረክ ላይ አስተማሪ መሆን የለበትም ወደ ማለት ሄደች። 16ኛው የመድረኩ አስተዳዳሪ ነው፤ ሐሳብን እንጂ ሰውን አትምቱ ብሎ አስጠነቀቀ። እኔም ሚዛኔን ላስቀምጥ፤ በምሳሌዎቿ ሙሉ በሙሉ ልክ ናት፣ በአነጋገሯ አይደለችም። «የ» ጥርጣሬ ታስነሳለች፤ ፍርዱን የሚሰጡት የእንግሊዝኛው የራሱ ፈተናዎች ናቸው።

ምላሽ 17 እና 18

አሥራ ሰባተኛው በአፋን ኦሮሞ አፉን የፈታ፣ ቦሰት አካባቢ ያደገ ሰው ነው። ሁላችሁም ከአማርኛ ብቻ ተነሳችሁ፣ የአዳማ ልጅ ግን በሁለት ቋንቋ ነው የሚያስበው አለ። በአፋን ኦሮሞ ረጅም ዛፍ «ሙካ ዼራ» ነው፤ ዛፉ ይቀድማል፣ ቅጽሉ ይከተላል። እሱም ልጅ ሳለ «ትሪ ቶል» ብሎ እየጻፈ ብዙ ጊዜ ተቀጥቷል። ብዙ ሲሆኑ ደግሞ ቅጽሉ ይደጋገማል፣ «ዼዼራ»። 18ኛው ወዲያው ይህማ አማርኛውም ነው ብሎ ተቀበለው፤ ትልልቅ፣ ረጃጅም፣ ነጫጭ፣ ጥቋቁር። ድንጋይ ግን ድንጋዮች ይሆናል እንጂ እንደ ቅጽሎቹ መሐሉ አይደገምም። ስለዚህ በሁለቱም ቋንቋችን ቅጽልን ከስም የሚለይ የቤት ፈተና አለን።

የእንግሊዝኛ ቅጽል ደግሞ አንድም ሆነ ሺህ አይለወጥም። «ቢግስ ሃውሰስ» የሚል ተማሪ ትልልቅ ቤቶችን ቃል በቃል እየገለበጠ ነው። 18ኛው የጨመረው አንድ ነገር ለእኔ አዲስ ነበር። ስምም ቢሆን የቅጽል ሥራ ሲይዝ ብዙውን ጊዜ የብዙ ቁጥር ልብሱን ያወልቃል፤ ሱቁ የሚሸጠው ብዙ ጫማ ሆኖ ሳለ «ሹ ሾፕ» ይባላል እንጂ «ሹስ ሾፕ» አይባልም። በዚህ ምክንያት የ5ኛውን የብዙ ቁጥር ፈተና ቃሉን ከሐረጉ አውጥቶ ማድረግ ያስፈልጋል።

ምላሽ 19

አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራ እህት የራሷን ታሪክ አመጣች። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርባ የቀድሞ ሥራሽን ለምን ተውሽ ተባለች። ሰልችቶኝ ነበር ልትል «አይ ወዝ ቦሪንግ» አለች። ጠያቂው ዝም አለ፤ ከአጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ግን ወረቀቱን ወደ ፊቷ አስጠግታ አፏን ሸፈነች። ያለችው እኔ አሰልቺ ነበርኩ ማለት እንደሆነ የገባት ማታ ቤቷ ገብታ ነው። ሥራውን አላገኘችም፤ እስካሁን ያቺ ወረቀት ወደ ፊት ስትጠጋ ይታያታል።

ምላሽ 20

ይህኛው የእኔ ነው፤ አይዞሽ ብዬ ጻፍኩላት። ይህን ስህተት ከማስጠናቸው ልጆች ሁሉ እሰማዋለሁ። ሥሩም እዚህ ይመስለኛል፤ አማርኛ ስሜትን የሚናገረው በግሥ ነው። ራበኝ፣ ደከመኝ፣ በረደኝ፣ ሰለቸኝ እንላለን። ራቡ እኔ ላይ የሚያደርገው ነገር አለ፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። እንግሊዝኛ ለዚሁ «አም» ብሎ ቅጽል ያስከትላል፤ «አይ አም ሀንግሪ»፣ «አይ አም ታየርድ»። ልጁ በአእምሮው ግሥ ይዞ ቅጽል ሲፈልግ ወይ «አይ ሀንግሪ» ይላል፣ ወይ «አይ አም ሀንገር» ብሎ ስሙን ያነሳል። ማወዳደሩም እንደዚያው ነው፤ ከእሱ ይረዝማል ስንል በግሥ ነው፣ እነሱ «ቶለር» የሚል ቅጽል ይጠቀማሉ።

ስለ «ቦሪንግ» እና «ቦርድ» ግን አማርኛ ራሱ ያድናል። አሰልቺና የሰለቸው፤ አስፈሪና የፈራ፤ አስገራሚና የተገረመ። «አ» ወይም «አስ» ብሎ የሚነሳው ስሜቱን የሚያመጣው ነው፣ «ኢንግ» ያለበት፤ ስሜቱ የደረሰበት «ኢድ» ያለበት ነው። ሁለቱም ከግሥ ይወለዱ እንጂ «ቬሪ»ን ይሸከማሉ፣ ስለዚህ ቅጽል ናቸው። መምህሩ ተማሪዎቹን እያሰለቸ ነው ለማለት «ሂ ኢዝ ቦሪንግ ዘ ስቱደንትስ» ስንል ግን ያው «ቦሪንግ» ተሳቢ ይዟል፤ «ቬሪ» ላስገባ ብትሉ አትችሉም። እዚያ ግሥ ነው። ቃሉ አንድ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሁለት፣ ፍርዱም ሁለት።

ምላሽ 21 እስከ 24

ሃያ አንደኛው ጸሐፊ ሶደሬን አነሳ። እዚያ ያለው «ስዊሚንግ ፑል» ነው፤ የሚዋኘው ግን ገንዳው አይደለም። ውኃው ውስጥ ያለው ልጅ «ስዊሚንግ ቦይ» ነው፣ እሱ በእርግጥ ይዋኛል። አማርኛ መዋኛና የሚዋኝ ብሎ ለይቶታል። በእንግሊዝኛ ጆሮ ለሚሰጥ ሰው ልዩነቱ በድምፅም አለ፤ የመዋኛውን ገንዳ ሲሉ «ስዊሚንግ» ላይ ይጫናሉ፣ የሚዋኘውን ልጅ ሲሉ ጫናው «ቦይ» ላይም ይወርዳል። «ስሊፒንግ ባግ» እና «ስሊፒንግ ቻይልድ»ም እንዲሁ ናቸው፤ የመጀመሪያው የመኝታ ከረጢት ነው፣ ሁለተኛው የተኛ ልጅ።

ሶደሬ ከተነሳ ማን ይመለሳል? ሦስት ምላሽ ስለ ፍል ውኃው፣ ምሳ ስለሚነጥቁት ዝንጀሮዎችና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነው መንገድ ሄደ። ዝንጀሮ ሳይሆኑ ጦጣ ናቸው የሚል ክርክርም ተነሳ፤ አላጠፋሁትም፣ ግን አላነሳውም።

ምላሽ 25 እና 26

ባለሱቅ ነው። «ዘ ሾፕ ወዝ ክሎዝድ» ሲባል ሱቁ ዝግ ነበር ማለት ነው ወይስ ተዘጋ ማለት ሲል ጠየቀ። ለእሱ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ዝግ ነበር ማለት ለምሳ ወጥቷል፣ ተዘጋ ማለት አንድ ሰው መጥቶ ዘግቶበታል። 26ኛዋ ያቺው የትርጉም ባለሙያ ናት። በዚህ ጊዜ ድምጿ ለስልሶ ነበር፤ ጥያቄው ጥሩ ነው ብላ ጀመረች። እንግሊዝኛው ሁለቱንም ይሸከማል። ማን እንደዘጋውና በስንት ሰዓት እንደሆነ የሚናገር ነገር ከተከተለው ድርጊት ነው፣ ግሥ። «ወዝ»ን አውጥታችሁ «ሲምድ» (መሰለ) ወይም «ሪሜይንድ» (እንደሆነ ቆየ) ብትተኩና ትርጉሙ ባይናጋ ሁኔታ ነው፣ ቅጽል። በዚህ ቦታ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይበልጥ ግልጽ እንደሆነ እሷው ተናገረች፤ ዝግ እና ክፍት የሚሉ ቅጽሎች አሉን፣ ተዘጋ እና ተከፈተ የሚሉ ግሦችም አሉን፣ አንዱ ከሌላው አይምታታም። በመጨረሻ ለ11ኛው ተማሪ በ15ኛው ለተናገረችው ይቅርታ ጠየቀችው።

ምላሽ 27

አንዲት አጭር ጽሑፍ፣ ግን ጠቃሚ። እስካሁን ስም የቅጽል ሥራ ሲሠራ አየን፤ ግልባጩም አለ። ድሆች ለማለት «ዘ ፑር» ይባላል። የስም ቦታ ላይ ተቀምጧል፣ ከኋላው የሚከተለውም «አር» ነው። ሆኖም «ዘ ፑርስ» አይባልም፤ «ዘ ቬሪ ፑር» ግን ይባላል። ሊብሬው አልተቀየረም ብላ ወደ 7ኛው መለሰችን፤ አይሱዙው ሰው ጫነ እንጂ ታክሲ አልሆነም።

ምላሽ 28 እና 29

ሃያ ስምንተኛው ስለ ታሪኩ ጻፈ። ልጅቷ ስምና ቅጽልን አንድ ላይ ብታደርግ አይፈረድባትም አለ፤ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ላይ የነበረው የላቲን ሰዋስው ጸሐፊ ፕሪሺያን ቅጽልን ከስም ክፍል ውስጥ ነበር የሚያስገባው። የእንግሊዝኛ መማሪያዎችም ለረጅም ዘመን «ናውን ሰብስታንቲቭ» እና «ናውን አድጀክቲቭ» እያሉ ሁለቱንም ስም ብለው ሲጠሩ ኖረዋል። ቅጽል የሚጠራበት የላቲኑ ቃል ራሱ «የተጨመረ» እንደ ማለት ነው። እኛም ቅጽል ስም ስንል በዋናው ስም ላይ የተጨመረውን ማለታችን ነው። በአማርኛ በኩል ደግሞ ፕሮፌሰር ባዬ ይማም የቃላት ክፍሎችን አምስት አድርገው ሲመድቡ ቅጽልን ለብቻው አቁመውታል።

ሃያ ዘጠነኛው ይህ ለ7ኛ ክፍል ልጅ ምን ይረባታል ብሎ አጣጣለው። እኔ በበኩሌ እንደሚረባት አይቻለሁ። ስህተቷ የብዙ ሊቃውንት መንገድ እንደነበር ስነግራት ያጠፈችውን ወረቀት ዘረጋችው።

ምላሽ 30

እንግሊዝኛ የሚያስተምር ወጣት ነው፤ የልጅቷ መምህር አይደለም። ከላይ መምህሩን ግፈኛ ያላችሁ፣ በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ ይዛችሁ፣ አራት ክፍል አስተምራችሁ፣ የእርማቱን ወረቀት በፌስታል ይዛችሁ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ ሲል ጠየቀ። የኤክሱን ምክንያት ለመጻፍ የምትተርፍ ደቂቃ የለችም። አነጋገሩ የመረረ ነበር፤ የደከመ ሰው ምሬት። ያም ሆኖ ትርጉሙ መስተካከል እንዳለበት አመነ። ቅጽልን ለክፍሉ ሲያስተምር ከእንግዲህ ስምን የሚገልጽ የሚለውን ትቶ በፈተናዎቹ እንደሚጀምር ጻፈ፤ «ቬሪ»፣ «ሲም»፣ ማወዳደሪያው፤ ከዚያ የስሙ ፈተና።

ምላሽ 31 እና 32

የሦስት ልጆቹ አባት ተመልሶ መጣ። ግፍ ያልኩት ቃል ከብዷል፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ አለው። ማርኩ ግን አሁንም መመለስ አለበት የሚለውን አልተወም። 32ኛው «ፈን» (ጨዋታ፣ ደስታ) የሚለውን ቃል አነሳ፤ ትናንት ስም ብቻ የነበረ፣ ዛሬ ወጣቶች «ቬሪ ፈን» የሚሉት፣ ገና በመንገድ ላይ ያለ ቃል። ሊብሬው በሂደት ላይ ነው እንደ ማለት።

ምላሽ 33

እኔ ነኝ። ከእናቷ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። መምህሩ አላስቀየመንም፣ ቁጭ አድርጎ ሰማን። ማርኩን አልመለሰም፤ ፈተናው የጠየቀው የቃሉን ክፍል ነው አለ። ነገር ግን ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ ከኤክሱ አጠገብ በትንንሽ ፊደል ስም፣ ሥራው ገላጭ ብሎ ጻፈላት። ያቺን ጽሑፍ ቀድሞ ቢጽፋት ይህ ክር ባልተከፈተ ነበር። ለልጅቷ የሚገባት ግን ይህ ነበር፤ ደርሷታል።

ምላሽ 34

እናቷ የለጠፈችው የደብተር ፎቶ ነው። ልጅቷ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ባለው መንገድ ያየቻቸውን ማስታወቂያዎች ሰብስባለች። ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፍላዋለች፤ በግራ በኩል ሊብሬው፣ በቀኝ በኩል የጫነው የሚል ርዕስ አለ። «ቢዩቲ ሳሎን»፤ «ቢዩቲ» ሊብሬው ስም፣ የጫነው ገላጭ። «ፍሬሽ ጁስ»፤ ሊብሬውም ቅጽል፣ የጫነውም ገላጭ፤ ከጎኑ በትንሹ «ቬሪ ፍሬሽ» ተብሎ ተፈትኗል። «ካር ዋሽ» ላይ «ዋሽ»ን መጀመሪያ ግሥ ብላ ጽፋ፣ ሰርዛ ስም አድርጋዋለች። የመጨረሻው «ድራይ ክሊኒንግ» ነው። በግራም በቀኝም ባዶ ነው፤ በመሐል በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አለ።

ምላሽ 35

ጡረተኛው መምህር ናቸው። «ድራይ» ቅጽል ነው፤ «ቬሪ ድራይ» ይባላል። «ክሊኒንግ» እዚህ ቦታ ላይ ስም ነው አሉ። ግን እጥበቱ ራሱ ደረቅ ነው ወይስ አስተጣጠቡ፣ ልብሱን «ድራይ ክሊን» አደረግኩት ስንልስ «ድራይ» ምን ይሆናል? በዚህ ላይ እሳቸውም እያሰቡበት ነው። ልጅቷ ቀድማ ከደረሰችበት እንድትጽፍላቸው ለምነዋል፤ ክሩን ስለዚህ አልዘጋሁትም።